ስለ መለወጥ የተደረገ ሐተታ

ያዘነ ሰው ይለወጣልን ወይስ ይመለሳል? ይህን ጥያቄ ያስነሡብኝ አጽናኞቼ ናቸው። ባለቤቴ በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ካረፈች ወዲህ ደጃፌን የረገጠ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ካለ በኋላ የሚያስከትለው ምክር አንድ ነበር፤ ይኸውም ወደ ቀድሞው ሰውነቴ እንድመለስ ነው። እኔም የመመለሻውን መንገድ ፈልጌ ባጣሁት ቊጥር፣ ጉድለቱ ከእኔ ድካም ይሁን ከምክሩ መጣመም እመረምር ጀመር።

ያ ዘመን የንዳድ ዘመን ነበር። ዝናሙ ከልኩ አልፎ፣ ሙቀቱም ከልማዱ በርትቶ ነበርና፣ ቆላ ወርዶ የማያውቀው የወይና ደጋ ሰው እንኳ በየቤቱ ወደቀ፤ ሐኪሞች በኋላ እንደ ገመቱት በመላው አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል። ነገሩ የእግዚአብሔር ቊጣ ነው ብለው የሰበኩ ሊቅ ነበሩ፤ እርሳቸውን አልፋቸዋለሁ፤ ቢንቢን የቊጣ መልእክተኛ አድርጎ የሾመ ሰው፣ አስቀድሞ በጎረቤቱ የሞተውን ሕፃን ኃጢአት ቈጥሮ ያሳየኝ። የቀሩት ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ትል ይዘው ይመጡ ነበር። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፣ አንዲት ትል ወደ ፍሬው ለመድረስ ደጋግማ ስትወድቅ፣ ደጋግማም ስትወጣ አይቶ ተጽናንቶ መመለሱን እኔም በልጅነቴ ከነአለንጋው ተምሬዋለሁ። ታሪኩን አልነቅፍም። ነገር ግን የትሏ ፍሬ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ስትወድቅም ስትነሣም ከላይ ይጠብቃት ነበር። ዛፉ ለተቈረጠባት ትል ምን እንደሚባላት ያስተማረኝ መምህር የለም።

ስለዚህ ወደ ተማርሁት ተመለስሁ። በትርጓሜ ቤት ሳለን፣ ቃል ሥጋ የሆነው ያለ ውላጤና ያለ ሚጠት፣ ያለ ቱስሕትና ያለ ቡዓዴ መሆኑን ስንማር፣ ምሳሌ እየተሰጠን ነበር። ለውላጤ፣ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት ሆና መቅረቷን፣ የቃና ዘገሊላም ውኃ ወይን ሆኖ መቅረቱን፤ ለሚጠት፣ የሙሴ በትር እባብ ሆና ዳግመኛ በትር መሆኗን፤ ለቱስሕት፣ ማርና ውኃ ተቀላቅለው ማርም ውኃም ያልሆነ ብርዝ መሆናቸውን ያመጡልን ነበር። ይህ ሁሉ ስለ ሥግው ቃል የተነገረ መሆኑን አላጣሁትም፤ ሆኖም እንቅልፍ በራቀኝ ሌሊት ምሳሌዎቹ ያለ ጠሪ መጥተው ከኀዘኔ ጋር ተያያዙ። አጽናኞቼ የሚመኙልኝ ሚጠትን ነው፤ እባቡን ጅራቱን ይዤ በትር እንዳደርገው። በእኔ የደረሰው ግን ውላጤ እንደ ሆነ ያን ጊዜም አልተጠራጠርሁም፣ ዛሬም አልጠራጠርም።

ይህን ለየኔታ ብነግራቸው፣ «የመለኮትን ነገር ወደ ልቅሶ ቤት ታወርዳለህን?» ብለው ፊታቸውን መለሱብኝ። እኒህ ሰው ቀድሞም ጥያቄ ሲመጣባቸው እጃቸው አለንጋ ይፈልግ ነበር፤ ለዕድሜዬ አለንጋው ባይገባም ቃላቸው ስለ እርሱ ሠራ። ነገር ግን ሚስትን፣ ውኃን፣ በትርን፣ ማርን ከሰው ቤት አንሥተው ወደ ላይ ያወጧቸው መምህራኑ አይደሉምን? ሲወጡ ትምህርት ከሆኑ፣ ወደ መጡበት ቤት ሲወርዱ ድፍረት የሚሆኑት ስለ ምንድር ነው?

ከየኔታ ቊጣ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ከራሴ የተነሣብኝ ክርክር ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። የሎጥ ሚስትና የቃና ውኃ በአንድ ስም የሚጠሩ ከሆነ፣ በውላጤ ውስጥ ያለ ሰው ጨው እየሆነ ይሁን ወይን እየሆነ በምን ያውቃል? በመጀመሪያ፣ ሴቲቱን ያጠፋት ወደ ኋላ መመልከቷ ነውና ወደ ፊት የሚመለከት ይድናል አልሁ። ይህ መልስ ሌሊቱን እንኳ አላደረም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ ወደ ኋላ እንድመለከት ታዘኛለች፤ የሟቿን ስም በጸሎት እንድጠራ ታደርገኛለች፤ ወደ ኋላ መመልከት ሁሉ ጨው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ ፍትሐት የደገመ ካህን ሁሉ በየመቃብሩ ሐውልት ሆኖ በቆመ ነበር። ቀጥሎም፣ ልዩነቱ በሥራ ነው አልሁ፤ በቃና አገልጋዮቹ ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች እስከ አፋቸው ሞልተዋል፣ ምን እንደሚሆንም ሳያውቁ ቀድተዋል፤ እንግዲህ ሰው ድርሻውን ከሠራ የሚለውጠው ሌላ ነው። ይህኛው ደስ አሰኝቶኝ ብዙ ጊዜ ኖርሁበት። ኋላ ግን የደከሙት አገልጋዮቹ እንጂ ውኃው አለመሆኑን ተመለከትሁ። ውኃውን ማንም አልጠየቀውም። ወይኑ በቀረበ ጊዜ ሊቀ ምርፋቁ አደነቀ፣ ሙሽራው ተመሰገነ፣ እንግዳው ጠጣ፤ ውኃው ግን የለም። እንግዲያውስ ነገ ተጽናንቼ ብነሣ የተጽናናው ማን ነው? ዛሬ ተስፋ የማደርገው እኔ ያን መጽናናት የማልቀምሰው ከሆነ፣ ተስፋዬ ለማላውቀው ሰው የተላከ ስጦታ ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ እርሷን የሚያውቃት ይህ ያዘነው ሰው ነውና፣ እርሱ ሲሄድ እርሷ ሁለተኛ ትሞታለች።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ክርክር የኀዘን ተንኰል ይመስለኛል፤ ኀዘን ከያዘው ቤት ላለመልቀቅ ሲል ሊቅ ይሆናልና። ተንኰል መሆኑ ግን ሐሰት መሆኑን አያስረዳም።

ከክርክሩ ጥቂት ያሳረፈኝ ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር የሚነበበው ሙሴ ጸሊም ነው። ይህ ሰው በጉልበቱ የሚፈራ ወንበዴ ነበር፤ በአስቄጥስ ገዳም ከመነኰሰ በኋላ ግን ሌሊት እየተነሣ የደከሙትን አረጋውያን ማድጋ እየለቀመ ከሩቅ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ያ ጉልበት ያው ጉልበት ነው፤ መልኩም አልተለወጠምና፣ ሊፈትኑት በወደዱ ጊዜ ጥቊረቱን እየጠሩ አሳደዱት፣ እርሱም ታገሠ። በእርሱ ዘንድ የቀድሞው ሰው ሳይጠፋ አዲሱ ሰው ቆሞ አየሁ። የኔታ የሚቈጡበትን ልድገምና፣ ብረት ከእሳት ሲዋሐድ ብረትነቱን ሳይለቅ ይፍማል ብለው ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው፤ ስለ እኔ እንዳልተነገረ አውቃለሁ፤ ብረቱን ከአንጥረኛ ቤት ያመጣሁት ግን እኔ አይደለሁም። የሆነ ሆኖ ይህም ምሉእ መልስ አይሆንም፤ ሙሴ ትቶት የሄደው የጠላውን ነው፣ እኔ ትተህ ሂድ የምባለው የወደድሁትን ነው፤ ንስሐ የገባ ሰው ከትናንቱ መለየትን ይሻል፣ ያዘነ ሰው ግን አይሻም።

በዚህ መካከል የደብሩ ሽማግሎች ቆብ እንድደፋ ይነዘንዙኛል። ሕጉን አላጣሁትም፤ ቄስ ሚስቱ ሞታ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ማግባትንም አላሰብሁም። ነገር ግን የሚመነኵስ ሰው ለዓለም ሙት ነው ተብሎ ፍትሐት ይደገምበታል፤ አንዱን ሞት መርምሬ ሳልጨርስ ለሰው አፍ ስል ሌላ ሞት አልጨምርም። ባለቤቴ ውዳሴ ማርያምን ከእኔ አፍ እየሰማች በቃሏ ይዛው ነበር፤ በመንፈቀ ሌሊት ስደግም አንድ ቃል ብገድፍ ከመኝታዋ ሆና ታርመኛለች፤ ፊደል ግን የቈጠረላት አልነበረም፤ ይህንንም ስታነሣው ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። እነሆ ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶቹ ልጆች ጋር ሴቶች ልጆችን ተቀብዬ አስተምራለሁ። የቀድሞው ቄስ ይህን ያደርግ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ፤ የዛሬው ያደርገዋል፣ የሚያደርገውም ስለ እርሷ ነው። ስለዚህ የተለወጠው ሰው ከቀድሞው ይልቅ እርሷን ይዟት እንደ ሆነስ? ይህን እንደ ማስረጃ ለማቅረብ አልደፍርም፤ በአንዳንዱ ቀን ማስረጃ ይመስለኛል፣ በአንዳንዱ ቀን ኀዘኔ ራሱን ያሳመረበት ልብስ ይመስለኛል።

የአንዳንዶቹ ልጆች አባቶች ከፍቷቸዋል፤ አለቃውም ያልተለመደ ነገር ነውና ለበላይ አመለክታለሁ ብለውኛል። ያመልክቱ። ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ተለውጫለሁ፣ አልተመለስሁም፣ ምን እንደ ሆንሁ ግን ገና አልታወቀኝም፤ እስኪታወቀኝ ድረስ ሴቶቹ ልጆች አቡጊዳን ጨርሰው መልእክተ ዮሐንስን ጀምረዋል።