ዓይን አፋርና ዓይን አውጣ

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ያሰብኩት ጥያቄ በመጀመሪያ ሲታይ የአንድ ሙያ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ ወጣት የማያውቀውን ሰው ፎቶግራፍ ለማንሣት ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ልቡም የሚመታው ስለምንድን ነው? ይህስ ፍርሃት ድል ሊነሣ የሚገባው ድካም ነውን? ወይስ ሊደመጥ የሚገባው የኅሊና ድምፅ?

ጋዜጠኝነት የምንማር ተማሪዎች ትምህርታችንን ከመጨረሳችን በፊት ለተግባር ልምምድ ወደ ጋዜጣና ወደ ቴሌቪዥን ዝግጅት ክፍሎች እንላካለን። ከመካከላችን ብዕር ይዞ የተመደበው ብዙ መሸሸጊያ አለው። ስልክ ሊደውል ይችላል፤ ከስብሰባ አዳራሽ የኋላ ወንበር ተቀምጦ ሊጽፍ ይችላል፤ ሌላ የጻፈውንም ሊጠቅስ ይችላል። ካሜራ የያዘው ግን እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰው ፊት መቆም አለበት። ከሩቅ ቆሞ ቢሆን ሥዕሉ ራሱ ይመሰክርበታል።

በእርግጥም የጀማሪ ፎቶ ጋዜጠኛ ሥራ ወዲያው ይታወቃል፤ ጀርባ ይበዛበታል። የሸማኔ ጀርባ፣ የሊስትሮ ጀርባ፣ ታክሲ የሚጠብቅ የሰልፈኛ ጀርባ። ሁለተኛው ምልክት ረጅም ሌንስ ነው። የ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ መንገድ ተሻግሮ ያለውን ፊት እፊታችን አምጥቶ ያስቀምጥልናል፤ ስለዚህ ፈሪ ሰው ይወደዋል። ይሁን እንጂ ረጅም ሌንስ ፊትን ብቻ ሳይሆን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። በሙያው የታወቀ አንድ ልማድ አለ፤ ካሜራውን በእጅ ይዘን ስናነሣ የመዝጊያው ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት ጋር ቢያንስ መመጣጠን አለበት፤ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሆነ ከ1/200ኛ ሰከንድ መዘግየት የለበትም። ከዚያ ከዘገየ ሥዕሉ ይደበዝዛል። እንግዲህ ፈሪው ከሰው በራቀ መጠን ፍርሃቱ በሥዕሉ ላይ ይበልጥ ይታያል ማለት ነው። ይህን የሌንስ ሕግ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

በሥራው የቆዩት ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው። «ዓይንህን ጨፍነህ ግባ! ይሉኝታ ካለህ ይህን ሥራ ተወው!» ይላሉ። (ለፎቶግራፍ አንሺ ዓይንህን ጨፍን ብሎ መምከር ምን ዓይነት ምክር እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው።) ቋንቋችን ስለዚህ ነገር ሁለት ቃላት አሉት፤ ሁለቱም ከዓይን የተነሡ ናቸው። ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቀውን ዓይን አፋር እንለዋለን፤ እፍረት ፈጽሞ የጠፋበትን ደግሞ ዓይን አውጣ። ለጀማሪው የሚሰጠው ምክርም ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሻገር የሚል ይመስላል። ለመሆኑ በሁለቱ መካከል ሌላ መቆሚያ የለምን?

ይሉኝታ የሚለውን ቃል እስቲ እንመርምረው። የወጣው «ይሉኛል» ከሚለው ነው፤ ሰዎች ምን ይሉኛል? ስለዚህ በይሉኝታ መካከል ላይ የቆመው «እኔ» ነኝ። በልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት ካሜራ ይዤ አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ፊት ስቆም ያስጨነቀኝ በእርስዋ ዓይን ውስጥ የሚታየው የራሴ መልክ ነበር። ተቆጥታ ትሰድበኝ ይሆን? ሰው ይሰበሰብብኝ ይሆን? ዘበኛው መጥቶ የፈቃድ ደብዳቤ አምጣ ይለኝ ይሆን? ሥዕሉ ሳይሆን ቢቀርስ አዘጋጁ ምን ይለኛል? በእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ውስጥ ሴትዮዋ የለችም።

ነገር ግን ሌላ ፍርሃት አለ። ይህች ሴት በዚህ ልብስ፣ በዚህ ሰዓት መታየት ትፈቅዳለችን? ልጇ ነገ ይህን ሥዕል በትምህርት ቤት ቢያየው ምን ይሰማዋል? እኔ ሥዕሉን ይዤ ስሄድ ለእርስዋ የሚቀርላት ምንድን ነው? በዚህኛው ፍርሃት ውስጥ የሚታየው ሌላው ሰው ነው። ችግሩ ሁለቱ ፍርሃቶች እጅን የሚያንቀጠቅጡት በአንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ልብ ሲመታ የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም። በእኔ አስተያየት የልምምድ ወራት ዋናው ትምህርት እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው፤ የመጀመሪያውን አስወግዶ ሁለተኛውን ማቆየት። ዓይን አውጣነት ሁለቱንም አንድ ላይ ጠራርጎ ያወጣቸዋል፤ ቀላል የሚመስለውም ስለዚህ ነው።

ይህ ፍርሃት የጀማሪዎች ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ የአሜሪካዊቷን የዶሮቲያ ላንግን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ላንግ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የባለጸጎችን ፎቶግራፍ በስቱዲዮዋ ታነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 በኢኮኖሚው ውድቀት ጊዜ ለምጽዋት እንጀራ የተሰለፉ ሥራ አጦችን ለማንሣት መጀመሪያ ወደ መንገድ በወጣች ጊዜ ብቻዋን መሄዱ አስፈርቷት ወንድሟን አስከትላ ነበር። በሰባት ዓመቷ በያዛት የፖልዮ በሽታ ምክንያት አንድ እግሯ ያነክስ ስለ ነበር ከሰው ፊት ቶሎ ብላ ልትሸሽም አትችልም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ደግሞ የአንድ ወር ያህል ሥራ ጨርሳ በዝናብ ወደ ቤቷ በመኪና ስትመለስ፣ በካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ስፍራ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር መኖሩን የሚያመለክት ጽሑፍ አየችና አልፋው ሄደች። ከዚያም 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ያህል ከራሷ ጋር ስትከራከር ከተጓዘች በኋላ መኪናዋን አዙራ ተመለሰች። በዚያ ያነሣቻት ከነልጆቿ የተቀመጠች እናት ሥዕል በዓለም ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ ሆነ።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን የቀረውን ይበልጥ አስበዋለሁ። ላንግ ራሷ እንደ ጻፈችው የሴትዮዋን ስም አልጠየቀቻትም። ሥዕሉ አገር ለአገር ሲዞር 42 ዓመት ሙሉ ባለቤቲቱ ስም አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1978 ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ ሲታወቅ ባታነሣኝ ኖሮ ደግ ነበር፣ ከሥዕሉም ያገኘሁት ነገር የለም ስትል ቅሬታዋን ገለጸች። የ32ቱን ኪሎ ሜትር ክርክር ላንግ አሸንፋለች፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። ስም ለመጠየቅ ግን ያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ስለ ስም ካነሣን ዘንድ፣ ጋዜጣ ሥዕል ሲያትም ከሥሩ መግለጫ ይፈልጋል፤ ማን፣ የት፣ መቼ የሚል። አዘጋጁ ስም የሌለበትን ሥዕል እየመለሰ ሲያስቸግረን ብዙዎቻችን እንደ ቢሮክራሲ ቆጥረነው ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ግን በሾላ ገበያ መድኃኒት ሆኖ አገኘው። እጁ መንቀጥቀጡን አላቆም ሲለው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ብቻ ይዞ፣ ወደ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ቀረበ።

«እማማ፣ ደኅና ዋሉ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ለጋዜጣ ፎቶግራፍ ላነሣዎ ፈልጌ ነበር።»

«እኔን ምን ታደርገኛለህ ልጄ? ሽንኩርቱን አንሣው እንጂ!»

«ሽንኩርቱ ስሙን አይነግረኝም፤ ከሥዕሉ ሥር ስም ይጻፋል።»

«ስሜ በጋዜጣ ሊጻፍ? እንግዲያውስ ቆይ ነጠላዬን ላስተካክል።»

ስማቸውን፣ ሽንኩርቱ ከየት እንደ መጣ፣ በዚያ ቦታ ስንት ዓመት እንደ ተቀመጡ ሲጽፍ ሩብ ሰዓት አለፈ። ካሜራውን ሲያነሣ እጁ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ጸጥ ማለቱንም ያወቀው ማታ ሥዕሉን ሲያይ ነው። ፍርሃቱን ታግሎ አልጣለውም፤ ሐሳቡ ወደ ሴትዮዋ ስለ ዞረ ፍርሃቱ የሚቆምበት ቦታ አጣ። አንዳንዶች ተጠይቆ የተነሣ ሥዕል የተፈጥሮ ወዙ ይጠፋል ይላሉ። ይህ የትዕግሥት ማነስ ነው። ሰው ካሜራን የሚያስታውሰው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ገዢ ሲመጣ ሽንኩርቱን ወደ መመዘን ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ግን ለገበያ ነው። ለቅሶ ላይስ? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የአሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶ ጋዜጠኛ የሆነው ሙሉጌታ አየነ በስፍራው ያነሣቸው ሥዕሎች በተከታዩ ዓመት በዓለም አቀፉ የፕሬስ ፎቶ ውድድር በድንገተኛ ዜና ተከታታይ ሥዕሎች ዘርፍ አንደኛ ወጡ። ከእነርሱ አንዱ ዘመድ የሞተባት ሴት አፈር እያፈሰች በፊቷ ላይ ስትበትን ያሳያል። በዚያ ሰዓት ቀርቦ «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ይህ ሥዕል መነሣት ነበረበትን?

በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። እኔ መነሣት ነበረበት እላለሁ። በመጀመሪያ በእኛ አገር ለቅሶ ጓዳ ተዘግቶ አይለቀስም። ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይጠራል፤ ሐዘንተኛው ሐዘኑን የሚያይለት፣ የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል። ደግሞም ያን ጊዜ ለብዙዎቹ ቤተሰቦች ከአፈር በቀር የሚቀበሩት አልነበራቸውም፤ ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ሣጥኖች ሬሳ ያልነበረባቸው ነበሩ። አፈሩን የያዘ ሥዕል የሆነውን ነገር በትክክል ይናገራል። ቢሆንም ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ይቀመጣል፤ ንፍሮ ይቀምሳል፤ ከሐዘንተኛው ጋር ዝም ይላል። ፎቶግራፍ አንሺው ግን አንሥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ፍርሃት የሚናገረው ይህንን ነው፤ ሳትቀመጥ ሄድህ እያለ። ይህንን ድምፅ ልምድ እንዲያጠፋው አልመኝም።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ሲታይ ከብዙ አገር እርዳታ ተንቀሳቀሰ። በአክብሮት ምክንያት ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች በክብር ሳይታዩ ባለቁ ነበር። እርግጥ ነው፣ ዋጋም ተከፍሎበታል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከየት መጣችሁ ተብለው «ከኢትዮጵያ» ሲሉ ስለ ረሃብ መጠየቃቸው ለረጅም ዘመን አልቀረላቸውም። ለዓለም የታየው ስም የሌለው ሕዝብ ነበርና። በዚያው ሰሞን የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በመቀሌ አንዲት ልትሞት የተቃረበች ሕፃን ቀርጸው ነበር። ዘጋቢው ብራያን ስቱዋርት ተመልሶ ፈለጋት፤ በሕይወት አገኛት፤ ትምህርቷንም ረዳ። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በለንደን መድረክ ላይ አድጋ ቆማ ዓለም አያት። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን ካርተር በሱዳን ያነሣው፣ አሞራ አጠገቡ የቆመበት የተራበ ሕፃን ሥዕል በኒውዮርክ ታይምስ ሲወጣ አንባቢዎች ሕፃኑ ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ጋዜጣው መጨረሻው እንደማይታወቅ ማስታወሻ ለማውጣት ተገደደ። አንባቢው የጠየቀው ስለ ሥዕሉ ውበት አልነበረም።

አክብሮት የፈሪ መደበቂያ ሊሆን እንደሚችልም መካድ አይገባም። «ሰውን ላለማስቀየም ብዬ ተውኩት» ማለት ከ«ፈራሁ» ይልቅ ለጆሮ ይጥማል። ይህን ለመለየት የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። ካሜራውን ዝቅ ካደረግሁ በኋላ እዚያው ቆየሁ ወይስ ሄድኩ? ለሰውዬው ብሎ የተወ ሰው ሰላምታ ይሰጣል፤ ይጠይቃል፤ ይቆያል። ለራሱ የፈራ ታክሲ ይፈልጋል። እንዲሁም «አታንሣ» የሚለው ማን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። በራሱ ኑሮና በራሱ ሐዘን ላይ «አታንሣኝ» የሚል ሰው የራሱን ነው የሚጠብቀው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ድልድይ ሲሰነጠቅ «አታንሣ» የሚል ሹም ግን የሕዝቡን ነው የሚሸፍነው፤ በዚያ ላይ ዓይን አፋርነት ጨዋነት አይደለም።

ዛሬ ይህ የፎቶ ጋዜጠኞች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከመካከላችን በኪሱ ካሜራ የሌለው ስንቱ ነው? በቀብር ላይ ስልኩን ከራስ በላይ ከፍ አድርጎ የሚቀርጸው ወጣት እጁ አይንቀጠቀጥም። እኔ ግን ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደስ ይለኝ ነበር።

በልምምዳችን መጨረሻ ሰሞን አንዲት ጓደኛችን በአንድ ሆስፒታል በር ላይ የታመመ ልጇን አዝላ ወረፋ የምትጠብቅ እናት አስፈቅዳ፣ ስሟንም ጽፋ አንሥታ ነበር። ሥዕሉ ግሩም ነበር፤ ገጽም ተይዞለት ነበር። በማግሥቱ ሴትዮዋ ደውላ፣ የባሏ ቤተሰቦች እንዳያዩት ፈርታ፣ እንዲቀር ለመነች። ጓደኛችን ለአዘጋጁ ነገረችው። አዘጋጁ ገጹን ጥቂት ተመለከተና ሥዕሉን አነሣው፤ በቦታው የጨረታ ማስታወቂያ ወጣ።