ጤና ዋጋ ይከፈልበታልን?

በጅማ ከተማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በሸቤ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ነርሶችና የግብርና ሠራተኞች በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሲነሣ ይሰማል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳገለግል አንድ ቀን እንኳ የሕመም ፈቃድ አልወሰድሁም። ባልደረባዬ ግን በየዓመቱ ለሳምንታት ይቀር ነበር። ዛሬ የሁለታችን የጡረታ አበል እኩል ነው። ታዲያ የእኔ ትጋት ምን አስገኘልኝ?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ተራ ማጉረምረም ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉበት፤ ፍትሕ ምንድን ነው? ጤናስ የማን ሀብት ነው? የሚገባውን ያህል ሳይጠይቅ የሠራ ሰውስ ዋጋውን ከወዴት ያገኛል? እነዚህን ለመመለስ ግን አስቀድሞ የሕጉን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል፤ ከቅሬታው አብዛኛው የሚመነጨው የሕመም ፈቃድንና የጡረታ አበልን ምንነት ካለመለየት ነውና።

በሀገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የሕግ መልክ ይዞ የተደራጀው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌና እርሱን ተከትሎ በ1955 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጡ፤ በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ቦታቸውን ወሰዱ። ሲቪል ሠራተኛው ከወር ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። የአበሉ መነሻ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በላይ ለተሰጠው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልበታል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አይበልጥም።

በምሳሌ እንመልከተው። 35 ዓመት ያስተማረና አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ መምህር አለ እንበል። በ30 በመቶው ላይ የ25ቱ ተጨማሪ ዓመታት 31.25 በመቶ ሲደመር 61.25 በመቶ ይሆናል፤ አበሉም በወር 6,125 ብር ነው። መምህሩ ቢሞት ባለቤቱ የአበሉን ግማሽ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁም 20 በመቶውን ያገኛሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ ሠራተኛው ስለታመመ የሚቀነስበት፣ ስላልታመመም የሚጨመርለት ነገር የለም።

የሕመም ፈቃድስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለቋሚ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 8 ወር፣ በአራት ዓመት ውስጥ እስከ 12 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ፈቅዶ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥለው ያሉት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ያለ ደመወዝ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕጎቹ ተሻሽለዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። መሠረተ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ሳይወሰድ የቀረ የሕመም ፈቃድ ወደሚመጣው ዓመት አይጠራቀምም፣ በገንዘብም አይለወጥም። የዓመት ፈቃድ ከዚህ የተለየ ነው። ሠራተኛው በሥራው ያገኘው የዕረፍት መብት ስለሆነ፣ ሳይወስደው አገልግሎቱ ቢቋረጥ በገንዘብ ይታሰብለታል።

በሌላው ዓለም ከዚህ የተለየ አሠራር አለ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት 13 ቀን የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ ያልተጠቀመበትም ያለ ገደብ ይጠራቀምለታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሕግ መሠረት፣ አዲሱ የጡረታ ሥርዓት የሚመለከታቸው ሠራተኞች ያጠራቀሙት የሕመም ፈቃድ መጀመሪያ በከፊል፣ ከ2014 ጀምሮ ግን በሙሉ ለአበላቸው ስሌት እንደ አገልግሎት ዘመን ይቆጠርላቸዋል። ለዚህ ሕግ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ፣ ሠራተኞቹ ፈቃዱ ከንቱ እንዳይቀርባቸው ሲሉ የጡረታቸው ጊዜ ሲቃረብ በሕመም ስም ከሥራ መቅረታቸው ነበር። ስለዚህ የእኛ ጡረተኛ ጥያቄ ብቻውን የቆመ ጥያቄ አይደለም፤ በሕግ የተመለሰለት ሀገርም አለ።

ይሁን እንጂ የሌላውን ሀገር ሕግ ከመመኘታችን በፊት በደጃችን ያለውን ጥበብ እንመርምር። በየሠፈራችን እድርም እቁብም አለ። በእቁብ ሰው የሚያገኘው የራሱን ገንዘብ ነው፤ የመጣውን ያህል ይጥላል፣ ተራው ሲደርስ የጣለውን ያህል ይቀበላል። እድር ግን እንዲህ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ ከፍሎ ቤቱ ኀዘን ያልገባበት ሰው «የከፈልሁት ይመለስልኝ» ብሎ በዳኛው ፊት አይቆምም። ቢቆምም ጎረቤቶቹ በመገረም ያዩታል፤ ድንኳኑ ከደጁ ሳይተከል መቅረቱ ራሱ ትልቅ ስጦታ ነውና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የአንዱን መከራ ብዙዎች ተከፋፍለው እንዲሸከሙት የተመሠረተ ማኅበር ነው።

የሕመም ፈቃድም እድር እንጂ እቁብ አይደለም። የተቋቋመው ሠራተኛው በታመመ ጊዜ ቤተሰቡ እንዳይራብ ነው። ያልታመመ ሰው ያጣው ነገር የለም፤ በየቀኑ ሙሉ ደመወዙን ተቀብሏል፣ ከዚህም በላይ ጤናው አብሮት ነበር። ታምሞ የተኛው ባልደረባውም አላተረፈም፤ ፈቃዱ ደመወዙን ይዞለት ይሆናል እንጂ ሕመሙን አልወሰደለትም። ጤና በአብዛኛው የተቀበልነው ስጦታ ነው፤ ራሳችንን ብንጠብቅ እንኳ ያልዘራነው መልካም ነገር በእርሱ ውስጥ አለ። ጤነኛው ስለ ጤናው ክፍያ ይገባኛል ቢል፣ በሽተኛው ስለ በሽታው መቀጮ ይክፈል እንደማለት ይሆናል።

በወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ በማለዳ የተቀጠሩት የቀኑን ሸክምና ሙቀት ተሸክመው ሳለ ዘግይተው ከመጡት ጋር አንድ ዓይነት ዋጋ መቀበላቸው አሳዘናቸው። ባለቤቱ ግን ከተስማሙበት አንዳች እንዳልጎደለባቸው አስረዳቸው። ይህ ምሳሌ በመጀመሪያ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት የተነገረ ነው፤ ማንም አሠሪ ለሠራተኛው ተገቢውን ደመወዝ ላለመክፈል ሊጠቅሰው አይገባውም። ነገር ግን የልባችንን አንድ ሕመም ይገልጥልናል፤ የተሰጠን ሳይጎድል፣ ለሌላው የተሰጠውን በማየት ብቻ የተበደልን ይመስለናል።

እንግዲህ ለጡረተኛው «ዝም በል» ማለታችን ነውን? አይደለም። ቅሬታው ሁለት እውነቶችን ይዟል።

የመጀመሪያው በሐሰት ስለሚወሰድ ፈቃድ ነው። ሳይታመም የሐኪም ወረቀት አስጽፎ የሚቀር ሠራተኛ፣ ያልሞተ ዘመድ ሞተብኝ ብሎ የእድሩን ገንዘብ እንደሚቀበል ሰው ነው። የሚሰርቀው ከማይታይ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ በባዶ ክፍል ውስጥ መምህር ከሚጠብቁ ልጆች፣ የሁለት ሰው ሥራ ከምትሠራ ነርስ፣ ከገጠር በእግሩ መጥቶ «ኃላፊው የለም፣ ሌላ ቀን ና» ከተባለ ገበሬ ይሰርቃል። ወረቀቱን የጻፈው ሐኪምም የበደሉ ተካፋይ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ግን በእውነት የታመመው ነው፤ ሐሰት ሲበዛ እርሱም በጥርጣሬ ዓይን ይታያልና። በሌላ በኩል ደግሞ በእውነት ታምሞ ሳለ ሥራ የሚገባ ሰው ሁልጊዜ የሚመሰገን አይደለም። በሚተላለፍ በሽታ እየሳለ በሕፃናት ፊት የሚቆም መምህር ትጉህ ቢመስልም ልጆቹን ለአደጋ ያጋልጣል። ላልተወሰደ ፈቃድ ገንዘብ መክፈልም ይህንኑ ሊያበረታታ ይችላል፤ በተለይ ደመወዙ ለማይበቃው ድኻ ሠራተኛ ሕመሙን ደብቆ እንዲሠራ ፈተና ይሆንበታል።

ሁለተኛው እውነት ስለ ምስጋና ነው። ፍትሕ በገንዘብ የማይከፍለው ዕዳ አለ። ዕድሜውን በሙሉ በታማኝነት ያገለገለ ሠራተኛ ተጨማሪ ብር ባይገባውም አክብሮት ይገባዋል፤ የመጀመሪያው አክብሮት ደግሞ ጉዳዩን ሳያጉላሉ መፈጸም ነው። የግል ማኅደሩ ተሟልቶ ባለመገኘቱ በስተርጅናው ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ሰው፣ ሠላሳ ዓመት የሰጠው አገልግሎት በአንድ ቀን እንደተረሳ ይሰማዋል። የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየት በኦሪትም በሐዋርያው ያዕቆብ መልእክትም በብርቱ የተወገዘ ነው። ከሠራተኛ አስተዳደር ክፍል የተቀመጠ ምእመን ካለ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ፋይል የአንድ ሽማግሌ እንጀራ መሆኑን ያስብ።

ቤተ ክርስቲያንም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው የሠራተኛን ክብርና ተገቢ ደመወዝ የማግኘት መብት አስተማሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቸንስ» በተባለው መልእክታቸው ሕክምናን፣ ዕረፍትንና የእርጅና ዘመን ዋስትናን ከሠራተኛው መብቶች መካከል ቆጠሩ። እነዚህ መብቶች የተሰጡት ለሰው ልጅ እንደ ሠራተኛነቱ ነው፤ ለመንግሥት ደመወዝተኛ ብቻ የተለዩ አይደሉም።

የጡረተኛውን ጥያቄ ሰፋ አድርገን እንድናይ የሚያስገድደን ይህ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 11 በመቶ ከወዴት ይመጣል? ከመንግሥት ግምጃ ቤት። ግምጃ ቤቱስ በማን ይሞላል? ከሌሎች ጋር፣ በጎማና በሊሙ በቡና ጥላ ሥር ቆሞ ቀይ ቡና በሚለቅመው፣ ጀንፈል በሚያሰጣው፣ ጆንያ በሚሸከመው ሰው ነው። ሳሙና ሲገዛ፣ ስኳር ሲገዛ፣ ከዋጋው ጋር ታክስ ይከፍላል። በላቡ የሚለቀመው ቡናም ለብዙ ዘመን ከውጭ ንግድ ገቢያችን የቀዳሚነቱን ስፍራ ይዞ ኖሯል። ይህ የቀን ሠራተኛ ግን ቢታመም የዚያን ቀን ገቢውን ያጣል፤ ቢያረጅ ከልጆቹ በቀር የሚጦረው የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩትን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። በለቀማ ወራት በኪሎ እየተመዘነለት ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው የሚለቅመው ሰው ግን ከዚህ ጥላ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ያልታመመው የመንግሥት ሠራተኛ «ያልወሰድሁት ፈቃድ የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ለታመሙት ባልደረቦቹ ዋስትና ሆኖ ቆየ የሚል ነው። ከዚህ ተርፎ የሚከፈል ነገር ቢኖር ደግሞ አስቀድሞ ሊደርሰው የሚገባው ጤነኛ ሆኖ ደመወዝ ሲቀበል ለኖረው አይደለም፤ ታምሞ የሚያርፍበት አንድ ቀን እንኳ ለሌለው ነው።

በዚህ ረገድ እኛም ከቤታችን መጀመር አለብን። የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 715 የሃይማኖት ድርጅቶች ሠራተኞች በፈቃዳቸው የጡረታ ሽፋን እንዲያገኙ በር ከፍቶ ነበር። የቁምስና ዘበኛ፣ የግቢ ጽዳት ሠራተኛ፣ በትምህርት ቤቶቻችን የሚያገለግሉ ሁሉ ሲታመሙና ሲያረጁ ምን እንደሚጠብቃቸው እያንዳንዱ የቁምስና ምክር ቤት ይጠይቅ። ስለ ፍትሕ የሚሰብክ አፍ በራሱ ግቢ ያለውን ዘበኛ ከረሳ ቃሉ ክብደት አይኖረውም።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም የምትሠሩት አለ። ጡረታቸው የቀረበ ምእመናን ሰነዶቻቸውን አስቀድመው እንዲያሟሉ ምከሯቸው፤ በመጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው የልደት ዘመን፣ የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤዎች፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃዎች በማኅደራቸው መኖራቸውን ያረጋግጡ። ዕድሜን መቀነስ ወይም መጨመር ሐሰት መሆኑንም ሳታፍሩ ንገሯቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኑሮ ውድነት አበላቸውን ያሳነሰባቸውን አረጋውያን ጎብኙ፤ ልጆቻቸውም ጡረታ አለው ብለው ከመጦር እንዳይቦዝኑ አስተምሩ። ወላጅን ማክበር በመንግሥት አበል የሚተካ ትእዛዝ አይደለም።

አንድ ቀን ሳይቀር ሠላሳ ዓመት ላገለገለው ወንድማችንም እንዲህ እንበለው፤ ትጋትህ ከንቱ አልሆነም። ያስተማርሃቸው ልጆች ዛሬ በየቦታው ይሠራሉ፤ የከተብሃቸው ሕፃናት አድገው ወልደዋል። ባልደረባህ በታመመ ጊዜ ክፍሉ ሳይዘጋ የቀረው አንተ ስለነበርህ ነው። ይህን መንግሥት በብር ሊመነዝርልህ አይችልም፤ እኛ ግን ልናስታውሰውና ልናመሰግንህ ይገባናል።