ለአንድ ሕይወት እስከ ምን ድረስ?

በመርካቶ ሸማ ተራ ሱቅ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም። ከበስተኋላው ሸማኔው፣ በዱቤ የሚያስረክበው ነጋዴ፣ ከትርፉ የሚማረው ልጅ ሁሉ አሉበት። የሱቁ ባለቤት ሊምፎማ በተባለው የንፍፊት ካንሰር ታሞ፣ በኬሞቴራፒ ተሽሎት ሳለ በሽታው ቢያገረሽበት፣ ቤተሰቡ ሱቁን ሸጦ በውጭ አገር ሊያሳክመው ይገደዳልን?

ጥያቄውን ያመጣው አዲስ ሕክምና ነው። ሐኪሞች ከታማሚው ደም ቲ ሴል የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ይለያሉ፤ አዲስ ዘረመል አስገብተውባቸው ካንሰሩን ለይተው እንዲያጠቁ ያደርጓቸዋል፤ አባዝተውም ለባለቤቱ ይመልሱለታል። አሜሪካ በ2017 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአንዳንድ የሊምፎማ ዓይነቶች ስትፈቅደው ዋጋው 373 ሺህ ዶላር ነበር፤ የሆስፒታሉ ወጪ ለብቻው ነው። ህንድም በ2023 እጅግ በረከሰ ዋጋ የራሷን ፈቅዳለች። ሌላ መድኃኒት እምቢ ባላቸው 101 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶ 43 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት ግን አልነበሩም።

«የፈጣሪን ሥራ መለወጥ አይሆንምን?» የሚሉ አሉ። በዚህ ብዙ መጨነቅ አያሻም። ለውጡ ለልጅ አይተላለፍም፤ ቤተ ክርስቲያንም በ2008 «ዲግኒታስ ፐርሶኔ» በተሰኘው ሰነድ እንዲህ ያለውን ሕክምና በመሠረቱ ተቀብላዋለች።

ከባዱ የገንዘቡ ነገር ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1957 ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ የሚገደደው በራሱም ሆነ በሌላው ላይ ከባድ ሸክም በማይጥል መንገድ መሆኑን አስተምረዋል። የእምነት ትምህርት ጉባኤም በ1980 ባወጣው መግለጫ፣ በቤተሰቡ ወይም በማኅበረሰቡ ላይ ከመጠን ያለፈ ወጪ ላለመጫን ብሎ ሕክምናን የተወ ሰው ራሱን እንዳጠፋ እንደማይቆጠር በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ «ሱቁ አይሸጥ» ያለ ታማሚ ተስፋ ቆረጠ አይባልም፤ ለቀስተኛውም ቤተሰቡን «ከወንድማቸው ገንዘቡን መረጡ» ብሎ ሊያማ አይገባም።

ነገር ግን ቃሉ ከማን አፍ ይውጣ? መግለጫው የሚናገረው ስለ ታማሚው ፈቃድ ነው። ወራሾቹ ጓዳ ገብተው፣ ተማክረው በስሙ ቢወስኑ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ሱቁን ለማትረፍም ይሁን ለመሸጥ። በአገራችን ደግሞ የበሽታውን ስም ከታማሚው መሸሸግ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀውን እርሱ ብቻ ሳያውቅ ይቀራል። ያልተነገረው ሰው ምኑን ይፈቅዳል፣ ምኑንስ እምቢ ይላል? እንግዲህ ካህናትም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ለጥየቃ ወደዚያ ቤት ስንገባ፣ ስለ መዋጮው ከመነጋገራችን በፊት ቤተሰቡን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ነግራችሁታልን?