አስቸጋሪ ጨዋታ ስለ ምን ይወደዳል?

ሰው ሁሉ ድካምን ይሸሻል እንላለን። ታዲያ ከሥራው ተመልሶ፥ ዕረፍት ይሆነኛል ብሎ፥ መቶ ጊዜ የሚወድቅበትን ጨዋታ በገንዘቡ የሚገዛውን ሰው ምን እንበለው? የምናገረው አንድ ትንሽ ምስል በቪዲዮ መስኮት ላይ ከእርከን ወደ እርከን እየዘለለ፥ ገደሉን እያለፈ ስለሚሄድበት ጨዋታ ነው። የልጆች ነገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሰው ጠባይ ይመረመርበታልና። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ጨዋታው በየአዳራሹ በቆመ ሣጥን ውስጥ ሳለ የሚጫወቱት ሳንቲም እየጨመሩ ነበር፤ በ1981 የወጣው ዶንኪ ኮንግ ከነዚህ አንዱ ነው። ተጫዋቹ ቶሎ ሲወድቅ ሌላ ሳንቲም ይከፍላልና ችግሩ ለነጋዴው ትርፍ ነበረ። ጨዋታው ወደ ቤት ከገባ በኋላ ይህ ምክንያት ቀረ፤ ችግሩ ግን አልቀረም።

በ1985 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን አወጣ። ሠሪው ሺገሩ ሚያሞቶ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያለ ቃል የሚያስተምር አድርጎ አበጀው፤ የመጀመሪያው ጠላት ብቻውን ቀስ እያለ ይመጣል፥ ሳይዘል የቀረ ይሞታል፥ በሁለተኛው ጊዜ ይዘላል። የወደቀ ሰው ስለ ምን እንደ ወደቀ ያውቃል። ይህ ጨዋታ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

በ1986 ሁለተኛው ክፍል በጃፓን ወጣ፤ እጅግም የከበደ ነበር። የሚያሳድገውን እንጉዳይ የሚመስል መርዘኛ እንጉዳይ አለበት፤ ወደ ፊት ያደርሰኛል ብለው የገቡበት መንገድ ወደ ኋላ የሚመልስበት ስፍራም አለ። የፊተኛውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ጃፓናውያን በብዛት ገዙት። በአሜሪካው ቅርንጫፍ ጨዋታዎችን ይመረምር የነበረው ሃዋርድ ፊሊፕስ ግን ሞክሮ፥ ደስ አያሰኝም ብሎ ፈረደ፤ ስለዚህ በ1988 ለአሜሪካ ሰዎች ሌላ ጨዋታ ተለውጦ በዚሁ ስም ተሰጣቸው። እኔ እንደሚመስለኝ የጨዋታው ነውር ክብደቱ ሳይሆን ክህደቱ ነው። ሰፊ ገደል መዝለልን ይጠይቃል፤ መድኃኒት መስሎ የቀረበ መርዝ ግን ከጥርጣሬ በቀር የሚያስተምረው የለም። በቅኔ ቤት ሳለሁ ይህንኑ አይቻለሁ፤ ተማሪ ጥሎ የሚሄደው ቅኔው ስለ ረቀቀበት ሳይሆን፥ ስሕተቱን ሳይነግሩት «ተበላሸ» ብቻ እያሉ ሲመልሱት ነበር።

ያው ጨዋታ በ1993 ወደ አሜሪካ ሲገባ፥ የወደቀ ሰው ከደረሰበት ምዕራፍ እንዲቀጥል ተፈቀደለት፤ መርዘኛውም እንጉዳይ ተለይቶ እንዲታወቅ መልኩ ተለወጠ። በ2010 የወጣው ሱፐር ሚት ቦይም ይህን መንገድ አጸና፤ ሞቱ ብዙ ነው፥ መነሣቱ ግን ዓይን እስኪጠቀስ ድረስ አይቆይም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገዢ አገኘ።

የቀረው ጥያቄ፥ እጁ የታመመ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ምን ያድርግ? የሚል ነው። በ2018 የወጣው ሰለስት፥ ተራራ ስለምትወጣ አንዲት ልጅ የተሠራው ጨዋታ፥ ለፈቀደ ሰው ፍጥነቱን የሚቀንስ፥ ከሞትም የሚጠብቅ እርዳታ አኖረ። ብርቱዎቹ ክብራችን ቀለለ ብለው ያጉረመረሙ አሉ፤ እኔ ግን የጎረቤታቸው ገመድ ከእነርሱ ምን እንደ ወሰደ አይታየኝም። ሠሪዎቹም በመጀመሪያ ችግሩ ለጨዋታው ግድ መሆኑን ነግረው፥ አስቀድሞ ያለ እርዳታ መጫወትን የሚመክር ጽሕፈት በበሩ ላይ አኑረው ነበር። ይህ ቃል እርዳታው በእርግጥ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች እንደሚያሳፍር በተረዱ ጊዜ፥ ምክሩን አንሥተው ጽሕፈቱን ለወጡት።