ሐላል ነው፤ ጦይብስ ነው?



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ምግብ ስንገዛ «ሐላል ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ አልሐምዱሊላህ። ቁርኣን ግን በሱረቱል በቀራ 168ኛ አንቀጽ ሐላልን ከጦይብ ጋር አጣምሮ ነው ያዘዘን። ጦይብ ማለት መልካም፣ የማይጎዳ ማለት ነው።

እናትህ ለፈጅር ተነስታ የቋጠረችልህን ሽሮ ጓደኞችህ እንዳያዩብህ ትደብቅና በኪስህ ብር ቺፕስና ለስላሳ ትገዛለህ። ሐራም አልበላህም። ግን በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ የናቅከው ሽሮ ደግሞ ለሚያድግ ሰውነትህ ፕሮቲን ነበረው። አንቺም ለመቅጠን ብለሽ ቁርስና ምሳ ስትተዪ፣ በየወሩ ደም የሚያጣው ሰውነትሽ የሚተካበት ብረት ያጥረዋል።

«ሰውነቴ የራሴ ነው» እንል ይሆናል። አይደለም፤ አማና ነው፤ ባለቤቱም ይጠይቀናል። አጥቶ ያገኘውን የበላ አይወቀስም። ጥያቄው እያለን ለናቅነው ለእኛ ነው።

ሰኞ ምሳ ዕቃህን ሳታፍር ክፈት። ቢስሚላህ በል፤ ለጓደኛህም አጉርሰው።

አላህ ኒዕማውን ከሚያውቁት ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!