ልብ ያልወለደው ቃል

ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ቀድሞ በሰው አእምሮ ብቻ ይከናወኑ የነበሩ የመጻፍ፣ የመተርጐምና የማመዛዘን ሥራዎችን የሚሠራ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የዛሬ ሕፃናት የሚኖሩበትን ዘመን እየለወጠው ነው። ወላጆችን አብዝቶ የሚያስጨንቃቸው «ልጄ ምን ቢማር ሥራ አያጣም?» የሚለው ጥያቄ ቢሆንም፣ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሚናገር መሣሪያ በበዛበት ዘመን ልጅ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይደግ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መነሻ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ትምህርት ውስጥ ይገኛል። በትምህርታቸው የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ለባዊት መባሏ ስለምታስብና ስለምታስተውል፣ ነባቢት መባሏ ያሰበችውን በቃል ስለምትገልጥ፣ ሕያዊት መባሏም ሕይወት ስላላት ነው። ልብ የአብ፣ ቃል የወልድ፣ እስትንፋስ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ መሆናቸውን ሲያስተምሩም ቃል ከልብ እንደሚወለድ ያስረዳሉ።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የቆሙበት የቋንቋ ሞዴል ግን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ፣ ከተጻፉት ቃላት ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እያሰላ የሚጽፍ ሥርዓት ነው። ንባብን፣ ማለትም ንግግርን፣ የመሰለ ነገር አለው፤ ነገር ግን በተናገረው ስሕተት አይጸጸትም፣ በገባው ቃል አይታሰርም፣ ንስሐም አይገባም።

ልብ ቃልን ሲወልድ በቅርብ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ሰሙን ከወርቁ፣ ቃሉን ከዜማው ልክ እያስማማ አዲስ ቅኔ በልቡ ያዘጋጃል፤ ሲመሽ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም የተሳሳተውን ያርምለታል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ አይደገምምና በማግሥቱ ድካሙ እንደገና ይጀምራል። የትምህርቱ ዓላማ ቅኔ ማከማቸት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ብክነት በተባለ ነበር፤ ዓላማው ግን ባለቅኔውን ማብቀል ነው።

በአንጻሩ የቤት ሥራ የተሰጠው ልጅ «ስለ ዓባይ ወንዝ አንድ ገጽ ጻፍልኝ» ብሎ ስልኩን ሲያዝዝ ገጹ ወዲያው ይሞላል፤ ልጁ ግን የትኛው ሐሳብ ይቅደም ብሎ አላመነታም፣ ጽፎም አልሰረዘም፣ ስለዚህ ያ ድካም ሊያበቅልለት የነበረው ማስተዋል ሳይበቅል ይቀራል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል የሚሠራው ንግግር ተናጋሪውን ሲገልጠው ነውና፣ በተዋሰው ቃል የሚናገር ልጅ ለሌሎች ቀርቶ ለራሱም ሳይታወቅ ሊያድግ ይችላል።

እንዲህ ያለው ሥጋት አዲስ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ፈላስፋው ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተሰኘው ድርሳኑ ሶቅራጥስ ጽሕፈት የማስታወስን ኃይል ያደክማል ብሎ ሲናገር አሳይቷል፣ የሰው ልጅ ግን በጽሕፈት አልከሰረም። ተቃውሞው እውነትነት ቢኖረውም፣ ጽሕፈት ሰው ያሰበውን ያቆያል እንጂ በእርሱ ፈንታ ሐሳብ አያዋቅርም፤ አዲሱ መሣሪያ የሚለየውም በዚህ ነው።

ስለዚህ ከአሳዳጊ የሚፈለገው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፤ ልጁ እንደ ቅኔ ተማሪው አስቀድሞ ራሱ ይቁጠር፣ መሣሪያውን እንደ አራሚ ኋላ ይጠይቅ፣ የተሰጠውንም መልስ ሳይመረምር አይቀበል። ወላጅም ልጁ ይዞት የመጣው ጽሑፍ ማማሩን ከማድነቁ በፊት «አንተስ ምን አሰብህ?» ብሎ ሊጠይቀውና መልሱ ቢዘገይም ታግሦ ሊሰማው ይገባል።