በማዕበል ጊዜ ወዴት እንጠጋ?

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ከአምቦ በስተ ደቡብ፥ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፥ በወንጪ ተራራ አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ አይተህ እንደ ሆነ፥ ዙሪያው ገደል መሆኑን ታውቃለህ። ቂርቆስ ወዳለበት ደሴት ሰው በጀልባ ይሻገራል። አንድ ቀን እኔም ስሻገር ነፋስ ድንገት ከገደሉ ወርዶ ውኃውን አስነሣው። አንደኛው ዳር ቅርብ ነበረና «ልጄ ሆይ፥ ቶሎ ወደዚያ ቅዘፍ» ብዬ ቀዛፊውን ለመንሁት። እርሱ ግን «ጋሼ፥ ነፋሱ የሚገፋን ወደዚያው ነው፤ ከድንጋዩ ጋር ያጋጨናል» ብሎ ጀልባውን ነፋሱ ወደ መጣበት ገደል መለሰ። እጅግ ደከመ፤ እኔም በልቤ አጕረመረምሁ። ከገደሉ ሥር በደረስን ጊዜ ግን ነፋሱ ከራሳችን በላይ ያልፍ ነበር፤ ውኃውም ጸጥ ያለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሐዋርያት ሥራ 27ኛውን ምዕራፍ እንደ ቀድሞው አላነበብሁትም። ነገሩ የሆነው በ60 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእስክንድርያ የመጣችው መርከብ ስንዴና 276 ነፍስ ይዛ፥ በቀርጤስ ደሴት መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ቆመች። የጾሙ ጊዜ አልፎ ክረምት ቀርቦ ነበርና ጳውሎስ እንዳይነሡ መከራቸው። መሪውና ባለ መርከቡ ግን ፍንቄ የተሻለ ወደብ ነው አሉ። በዚህስ አልተሳሳቱም፤ መልካም ወደብ ስሙ እንጂ ክረምትን ለማሳለፍ የሚመች አልነበረም። የሳቱት በጊዜው ነው፤ ጥቂት የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ያሰቡትን ያገኙ መሰላቸው። ወዲያው ዐውሎ ነፋስ ያዛቸው። ቄዳ በምትባል ትንሽ ደሴት ተገን ባለፉ ጊዜ ብቻ ጥቂት ዕረፍት አግኝተው መርከቢቱን በገመድ አሰሩ። ከዚያ በኋላ ከባሕሩ ይልቅ የስርቲስን አሸዋ ፈሩ። በ14ኛውም ሌሊት ወደ የብስ መቅረባቸውን ባወቁ ጊዜ አልሮጡለትም፤ አራት መልሕቅ ከኋላ ጥለው ንጋትን ተመኙ እንጂ።

አንባቢ ሆይ፥ መከራ ሲነሣብህ ቅርብ የሆነው ዳር የትኛው ነው? በጊንጪ ወይም በጉደር ገበያ የምትነግድ ከሆንህ ታውቀዋለህ፤ የፊተኛውን ዕዳ ለመክፈል ከሌላ ሰው በአራጣ መበደር፥ ወይም በዳኛ ፊት «አልወሰድሁም» ብሎ መማል ነው። እነዚያ መርከበኞችም መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ታንኳ አውርደው ሊያመልጡ ነበር፤ ወታደሮቹም ገመዱን ቈረጡት።

እኔ ይህን የምጽፍልህ ንጹሕ ሰው ሆኜ አይደለም። በጕልማስነቴ የሰው ገንዘብ በእጄ ጠፍቶ፥ ባለ ገንዘቡን ላለማየት በገበያ ቀን መንገድ እለውጥ ነበር። ከዓመት በኋላ ከቤቱ ደጅ ቆሜ እውነቱን ነገርሁት። ተቈጣኝ፤ ሰውም እየሰማ ሰደበኝ። ከዚያ በኋላ ግን አስቀምጦኝ እስከ መኸር ቀን ሰጠኝ። ከወለዱ አንዲት ሳንቲም እንኳ አልተወልኝም፤ በዚያች ሌሊት ግን ተኛሁ።